ተራ ቁጥር አሥራ አንድ

መምህር ይርጉ ማንኛውንም ወረቀት ከመፈረማቸው በፊት ሁለት ጊዜ የማንበብ ልማድ ነበራቸው፤ የልጃቸውን የሥራ መመዝገቢያ ቅጽም በዚያው ልማድ አነበቡት። ወረዳው በአሪቻ አቅጣጫ ላለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሆን አንድ የሒሳብ መምህር በውድድር እንደሚቀጥር ማስታወቂያ ከለጠፈ ሦስት ቀን ሆኖታል። መላኩ በሒሳብ ከተመረቀ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። በእነዚያ ዓመታት በሰባት ማስታወቂያዎች ተወዳድሮ በሰባቱም ተጠባባቂ ሆኖ ቀርቷል።

ቅጹን የሚሞሉት አባቱ ነበሩ። የመላኩ ጽሕፈት የሐኪም ጽሕፈት ነው እየተባለ በቤቱ ስለሚቀለድበት፣ ወደ መንግሥት ቢሮ የሚገባ ወረቀት ሁሉ በአባቱ እጅ ነበር የሚጻፈው። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የትምህርት ደረጃ፣ አማካይ ውጤት በዚያ ቀጥ ባለ የጥቁር ሰሌዳ ጽሕፈታቸው እየተሞሉ ወረዱ። ተራ ቁጥር አሥራ አንድ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸው ቆመ። «የአካል ጉዳት» ይላል፤ ከፊቱ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ «አለ»፣ ሌላው «የለም»። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፣ የአካል ጉዳት ላለባቸው ተወዳዳሪዎች በመመሪያው መሠረት ሦስት ነጥብ እንደሚታከልላቸው ተጽፏል።

«እዚህ ላይስ ምን እንላለን አባዬ?» አለ መላኩ።

«እውነቱን ነዋ።»

«እውነቱን ከሆነማ…» አለና ግራ እግሩን ወደ ወንበሩ ሥር ሳብ አደረገ።

«ሒሳብ የሚሠራው በምንድን ነው?»

«በጭንቅላት ነው።»

«እንግዲያው!» አሉና «የለም» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረጉ። መላኩ አንገቱን ደፍቶ ቅጹን ተቀበለ። በዚያ ቤት ስለ እግር አይወራም ነበር።

መላኩን በሦስት ዓመቱ ፖሊዮ ይዞት ነበር። ግራ እግሩ ከቀኙ ቀጭን ሆኖ በአራት ጣት ያህል አጥሮ ቀርቷል። መምህር ይርጉ በየዓመቱ መስከረም፣ መናኸሪያው አጠገብ ወደሚሠራ ጫማ ሰፊ አንድ ጥንድ አዲስ ጫማ ይዘው ይሄዳሉ። ጫማ ሰፊው የግራውን ሶል በጎማ ደራርቦ ከፍ ያደርገዋል፤ ጎኑንም ከቀኙ እንዳይለይ በጥቁር ቀለም ያስተካክለዋል። ሱሪውም ሁልጊዜ ረዘም ብሎ ይሰፋል። ልጁ ቀስ ብሎ ከተራመደ የማያውቀው ሰው ልብ አይለውም፤ ሲቸኩል ግን ያነክሳል። ስለዚህ አባቱ ከሕፃንነቱ ጀምረው አለመቸኮልን አስተምረውታል።

በጡረታ እስኪገለሉ ድረስ ሠላሳ አራት ዓመት አስተምረዋል። በየዓመቱ የመጀመሪያ ቀን አዲሶቹን ተማሪዎች እንዲህ ይሏቸው ነበር፦ «በዚህ ክፍል ውስጥ የማን ልጅ እንደሆናችሁ፣ ከየት እንደመጣችሁ አልጠይቅም። የምጠይቀው የሠራችሁትን ነው። ግማሽ ነጥብ የጨመርኩለትን ሰው የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።» አንድም እጅ ወጥቶ አያውቅም። ለተማሪዎቻቸው ያልሰጡትን ነገር ለገዛ ልጃቸው መቀበል ከስርቆት ለይተው አያዩትም ነበር።

ውጤቱ በጥቅምት ተለጠፈ። መላኩ ይርጉ ሰማንያ ሁለት ነጥብ አራት፣ ሙዘሚል አብዱልሰመድ ሰማንያ አንድ ነጥብ አምስት። መምህር ይርጉ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ቁጥሩን እንደገና አነበቡ። ከሰሌዳው ፊት ብዙ ቆሙ፤ ሌሎች መጥተው አንብበው ሄዱ፤ እሳቸው አሁንም እዚያው ነበሩ።

መላኩ ሥራውን ጀመረ። አርብ ማታ እጅጌው ጠመኔ እንደለበሰ በሚኒባስ ዲላ ወዳለው ቤታቸው ይመለሳል፤ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ይሄዳል። «ተማሪዎቹ ስም አወጡልኝ» አለ አንድ ቀን እየሳቀ። «‹ቲቸር ኤክስ› ይሉኛል። ሁልጊዜ የጠፋ ነገር ስለምፈልግ ነው አሉ።» እናቱ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት እንዲህ ተስቆ አያውቅም ነበር።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙዘሚል መጣ። አባቱ አቶ አብዱልሰመድ በዋናው መንገድ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ልጁ የመምህር ይርጉ ተማሪ ነበር፤ እሱም እንደ መላኩ በሒሳብ ተመርቆ ሥራ ፈላጊ ሆኗል።

«ግባ፣ ግባ ሙዘሚል! አባትህ ደህና ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ ቲቸር። እኔን ከሱቁ ውስጥ አስቀምጠውኛል። በዲላ ጨርቅ በዲግሪ የሚለካ እኔ ብቻ ነኝ፤ አንድ ሳንቲ ሜትር አልስትም።»

ተሳሳቁ። ከዚያ ሙዘሚል የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል አጣመረ።

«ቲቸር፣ የነጥቡን ዝርዝር በማመልከቻ አስወጣሁ። መላኩ በፈተናና በቃለ መጠይቅ ያገኘው ሰባ ዘጠኝ ነጥብ አራት ነው። ሦስቱ ለአካል ጉዳት ተብሎ የታከለ ነው። ቅጹ ግን ‹የለም› ይላል። ጽሕፈቱን ወዲያው ለየሁት፤ አራት ዓመት በቀይ ብዕር ያረመኝ እጅ ነው።»

 መምህር ይርጉ ያንን ሰማንያ ሁለት ነጥብ አራት የልጃቸው ላብ ነው ብለው ለጎረቤት ሁሉ ሲናገሩ ሰንብተዋል።

«የሰው ሀብት ባለሙያውን፣ አቶ ወልዱን፣ ጠየቅሁት» ሲል ቀጠለ ሙዘሚል። «‹ለቃለ መጠይቅ ሲገባ ረፍዶበት እየቸኮለ ነበር፤ ሲያነክስ አየሁት። አፍሮ ይሆናል ያልሞላው ብዬ ጨመርኩለት› አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። አቤቱታ ባስገባ ግን የሚፈርደው ቅጹ ነው።»

«አሁን ታዲያ ምን ፈልገህ ነው የመጣኸው?»

«እርስዎን ልጠይቅ። መላኩ ትምህርት ቤት እያለን ኳስ ሜዳ አይወርድም ነበር፤ ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም። እግሩን ታሞ ከሆነ ‹አዎ› ይበሉኝ። ያን ጊዜ ሕጉ የሚፈርደው ለእሱ ነው፤ እኔም ወደ ሱቄ እመለሳለሁ፤ ወላሂ ሁለተኛ አላነሣውም። ምንም ከሌለው ግን ቦታው የእኔ ነው። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

የጓዳው በር ጋት ያህል ተከፍቶ ነበር። መላኩ ከዚያ ወዲያ ተቀምጦ የተማሪዎቹን ፈተና ያርማል። የብዕሩ ድምፅ ጸጥ አለ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። መምህር ይርጉ ያንን ቃል በጉሮሯቸው ውስጥ አገኙት፤ ነገር ግን ሃያ አራት ዓመት ከጎማው፣ ከጥቁር ቀለሙና ከረጅሙ ሱሪ በታች የቀበሩትን ነገር፣ ልጁ በሚሰማበት፣ ለትናንት ተማሪያቸው አውጥተው መስጠት አልሆነላቸውም።

«ልጄ ምንም አልጎደለውም» አሉ።

ሙዘሚል ከወንበሩ ተነሣ። «እንግዲያው እከሳለሁ ቲቸር።»

«ክሰስ። መብትህ ነው።»

እንደ ክቡር እንግዳ እስከ አጥሩ በር ሸኙት። ሲመለሱ መላኩ አቀርቅሮ ያርማል።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ። የሦስቱን ነጥብ ነገር እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው» አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ሙዘሚል መጀመሪያ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያስገባው ቅሬታ ውድቅ ሲሆንበት ጉዳዩን የመንግሥት ሠራተኞችን ክርክር ወደሚያየው አስተዳደር ፍርድ ቤት ወሰደው። ፍርዱ መብቱን ስለሚነካው መላኩ በጣልቃ ገብነት እንዲከራከር ተጠራ። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ እየተደረበ ግንቦት ደረሰ። መላኩ ሲያስተምር ሰንብቶ በቀጠሮው ቀን ፈቃድ እየጠየቀ ይመጣል፤ ስለ ክሱ ግን በቤት አያነሣም። መምህር ይርጉ ዝምታው ስለከበዳቸው አንድ ማለዳ ብቻቸውን ኪዳነወልድ ወደሚባል ማመልከቻ ጸሐፊ ሄዱ። ኪዳነወልድ ከፍርድ ቤቱ ማዶ በትልቅ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ በአሮጌ የጽሕፈት መኪና የሰው ችግር ሲመታ የሚውል፣ ምላሰ ስል ሰው ነው።

«ጋሽ ይርጉ፣ የሐኪም ማስረጃ ያምጡልኝ። እኔ የልጅዎን እግር ከማመልከቻው ጋር በስፒል ማያያዝ አልችልም።»

«ካመጣሁ ይበቃል?»

«አይበቃም። ማስረጃው የዛሬ ነው፤ ቅጹ የመስከረም ነው። ግን አንድ ቀዳዳ አለ። በቅጥር መመሪያው የአሞላል ስህተት በማስረጃ ይታረማል። ዳኞቹ ሲጠይቁዎት ‹ተሳስቼ ነው› ይበሉ። መነጽሬን ረስቼ ነበር ይበሉ፤ አለቀ።»

«መነጽሬን አልረሳሁም።»

«ማን አየዎት?»

«ልጄ።»

«እርስዎም እኮ!» አለ ኪዳነወልድ በሁለት እጁ ራሱን ይዞ። «ልጅዎ ይከስዎታል እንዴ?»

በሆስፒታል ሦስት ሐኪሞች መላኩን አልጋ ላይ አስተኝተው ሁለቱን እግሮቹን በሜትር ለኩ። ማስረጃው «ቋሚ የአካል ጉዳት ያለበት» ይላል። መምህር ይርጉ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከልጃቸው ስም ጎን እንዲህ ተጽፎ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ወረቀቱን አራት አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በጓሯቸው እንሰት መካከል እየተመላለሱ «ተሳስቼ ነው፤ ተሳስቼ ነው» ሲሉ ይለማመዱ ነበር። ሁለት ቃል ናት፤ ከአፋቸው ለመውጣት ግን እንደ ባዕድ ቋንቋ አስቸገረቻቸው።

ክርክሩ በሰኔ መጀመሪያ ተሰማ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ሰብሳቢዋ ዳኛ ተናጋሪውን ሁሉ «ድምፅ ጨምር» ይሉ ነበር። ሙዘሚል ቆመ።

«በመላኩ ላይ ጥላቻ የለኝም። ከመክሰሴ በፊት አባቱን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠይቄ ‹ምንም አልጎደለውም› ብለውኛል። መምህሬ ናቸው፤ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም።»

አቶ ወልዱ ያየውን መሰከረ። ዳኛዋ ወደ መላኩ ዞሩ። «አሁን ስትገባ ግን እኛ ምንም አላየንም።»

መላኩ አባቱን አላየም። ጎንበስ አለ፤ የግራ ጫማውን ማሰሪያ ፈታ፤ ጫማውን አውልቆ በተከራካሪዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ያ የጎማ ድርብ በሰው ሁሉ ፊት ተገተረ። ከዚያ ከጠረጴዛው እስከ ዳኞቹ መቀመጫ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። በየእርምጃው ትከሻው ወደ ግራ ይወርድና ይነሣል። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዐይኑን ወደ ወለሉ ጣለ፤ ሙዘሚል በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ። መምህር ይርጉ ብቻ አዩት። ልጃቸው ያለ ጫማ ሲሄድ ካዩ ስንት ዓመት እንደሆናቸው ማስታወስ አቃታቸው።

«ይበቃል ልጄ፣ ጫማህን አድርግ» አሉ ዳኛዋ። ቅጹን አንሥተው ወደ አባቱ ዞሩ። «በተራ ቁጥር አሥራ አንድ ላይ ይህን ምልክት ያደረገው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ተሳስተው ነው?»

ከኋላው ወንበር ኪዳነወልድ ጠንከር አድርጎ ሳለ። መላኩ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ እያሰረ ነበር፤ እጁ ቆመ፤ ቀና ሳይል ጠበቀ። መምህር ይርጉ የተለማመዷትን ቃል ሊናገሩ ከንፈራቸውን ከፈቱ። ነገር ግን ዳኛዋ የጠየቁበት ድምፅ እሳቸው ራሳቸው ሠላሳ አራት ዓመት በክፍል ውስጥ የጠየቁበት ድምፅ ነበር፤ ለዚያ ድምፅ ከእውነት በስተቀር ሌላ መልስ ተምረው አያውቁም።

«አልተሳሳትኩም» አሉ። «አውቄ ነው ያደረግሁት።»

ውሳኔው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተነበበ። ጣልቃ ገቡ አካል ጉዳተኛ መሆኑን ፍርድ ቤቱ አልተጠራጠረም፤ ሆኖም የድጋፍ ነጥብ የሚሰጠው በምዝገባ ጊዜ ለጠየቀ ተወዳዳሪ ነው፤ ጣልቃ ገቡ አለመጠየቁ ብቻ ሳይሆን ጉዳት የለብኝም ብሎ አረጋግጧል፤ ይህም በስህተት አለመሆኑን ቅጹን የሞላው ምስክር አምኗል። ስለዚህ የመላኩ ቅጥር ተሰርዞ አመልካቹ ሙዘሚል በቦታው እንዲቀጠር ታዘዘ።

አባትና ልጅ ከግቢው ወጥተው በዋናው መንገድ ዳር ቆሙ። ዝናቡ አባርቶ ባጃጆች ጭቃ እየረጩ ያልፋሉ። አንዱ ቆሞ «አባባ፣ ልውሰዳችሁ?» አለና አልፎ ሄደ።

«አባዬ» አለ መላኩ ወደ መንገዱ እያየ፣ «አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ብለህ ብትሳሳት ምን ነበረበት?»

መምህር ይርጉ መልስ ፈለጉ። በሕይወታቸው መልሱን የማያውቁት ጥያቄ ሲገጥማቸው «አላውቅም፤ ነገ አንብቤ እነግርሃለሁ» ይሉ ነበር። አሁን ያንን እንኳ ማለት አልቻሉም። መላኩ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። እየቸኮለ ነበር፤ ትከሻው ወደ ግራ እየወረደ እየተነሣ ከገበያተኛው መካከል ገባ።

መላኩ ሰኔ 28 ቀን በእጁ የነበሩትን መጻሕፍት ለትምህርት ቤቱ አስረክቦ ተሰናበተ። ሙዘሚል የቅጥር ደብዳቤውን ሊቀበል ሐምሌ ላይ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሄድ የበጀት ዓመቱ ተዘግቶ ነበር፤ ጽሕፈት ቤቱም ነሐሴ 6 ቀን በጻፈለት ደብዳቤ የሒሳብ መምህሩ መደብ በአዲሱ ዓመት በጀት ስላልተያዘለት መታጠፉን አስታወቀው።