የፈውዚያ «ች»

ሊኔያ ስኒዋን ነቅንቃ መለሰች። መነቅነቅ «በቃኝ» ማለት ነው፤ ሳይነቀነቅ የተዘረጋ ስኒ ይቀዳበታል። እሱን አልሳተችም። ከዚያ ግን «ዳይሜ» አለች።

ለቅሶ የደረሱት ሴቶች ከየሶፋው ዞር ዞር ብለው አዩዋት። ቡና ጠጥቶ «ዳይሜ» ማለት «ዘወትር አይለያችሁ» ብሎ መመረቅ ነው። የለቅሶ ቤት መራራ ቡና ተጠጥቶ ግን ማንም አይለውም።

የሟች ፈውዚያ ልጅ ኢብቲሳም ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። «የወንድሜን ሚስት ሰማችኋት? ለቅሶ አይለያችሁ አለችን።»

«ተያት፣ ሰው ሲማር ይሳሳታል» አሉ ከታችኛው ፎቅ የመጡት ጎረቤት ኡም ራጊብ። «በኔ ስዊድንኛ ይኸው እስከ ዛሬ የአውቶቡሱ ሹፌር ይስቃል።»

ሊኔያ እስከ ጆሮዋ ቀላች። «ላንቺ ብዬ አይደለም» አለች በዐረብኛ። «ላንቺ» የሚለውን ግን እንደ ከተማ ሰው «ኢሊክ» አላለችውም። «ኢሊች» አለች፤ ፈውዚያ ባደጉበት መንደር አሮጊቶቹ እንደሚሉት፣ «ች»ዋን ጫን አድርጋ።

ኡም ራጊብ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ቢስሚላህ» አሉ ቀስ ብለው። «ፈውዚያ እኮ ናት።»

ኢብቲሳም ጎንበስ ብላ ወደ ሊኔያ ጆሮ ተጠጋች። «በእናቴ አፍ አታውሪ» አለቻት በስዊድንኛ።

ሊኔያ ሌላ ዐረብኛ አልነበራትም። የኢብቲሳምን ወንድም ነቢልን እንዳገባች እዚሁ ስዊድን፣ ማልሞ ከተማ የማታ ትምህርት ጀምራ ነበር። የተማረችውን ይዛ አማቷ ዘንድ ስትመጣ ፈውዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንደ ዜና አንባቢ ነው የምታወሪው። በዚህ አነጋገር ሽንኩርት አቀብሉኝ ብትይ፣ ሰው ጦርነት የተነሣ ይመስለዋል።»

ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤቱ ሆነ። የወይን ቅጠል እየጠቀለሉ ያወራሉ። ሊኔያ ዘወር ካለች ፈውዚያ ይጣራሉ፤ «ወይኒች ያማ?» የት ነሽ፣ እናቴ?

«ቆይ፣ እናትየዋ ማን ናት?» አለቻቸው አንድ ቀን።

«ዝም ብለሽ ነይ፣ ቅጠሉ ደረቀ።»

ከኢብቲሳም ጋር ሲያወሩ ግን ሁልጊዜ «ክ» ነበሩ፤ የተወለወለ የከተማ «ክ»። ሊኔያ ለምን ብላ ጠየቀች።

«ትምህርት ቤት ሳለች ጓደኞቿ ፊት በ‹ች› ጠራኋት» አሉ ፈውዚያ፣ ቅጠሉን እየጠቀለሉ። «‹እንደ ገበሬ አትጥሪኝ› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከሷ ጋር ሳወራ ምላሴ ጫማ ያደርጋል። ካንቺ ጋር አወልቃለሁ።»

ኢብቲሳም በገሠጸቻት ማግስት ሊኔያ ቃል አልተነፈሰችም። ስኒ አዞረች፣ ለመጣው ሁሉ ራሷን ነቀነቀች።

«አናግሪን እንጂ» አሏት ኡም ራጊብ። «ያቺን ‹ች› አንዴ እንስማት።»

ሊኔያ ኢብቲሳምን አየች። ኢብቲሳም መስኮቱን አየች። ነገር ግን ከወጥ ቤት በኩል ኮቴ በተሰማ ቁጥር ኢብቲሳም ቀልጠፍ ብላ ትዞራለች። የምትመጣው ሊኔያ ናት፤ ሊኔያ ደግሞ ዝም።

በለቅሶው የመጨረሻ ቀን እንግዶቹ ሲወጡ ውጭው ከወዲሁ ጨልሟል፤ የታኅሣሥ ከሰዓት ነው። ኢብቲሳም እናቷ መኝታ ቤት ገብታ ዘጋች። ሊኔያ ከማንቆርቆሪያው የቀረውን አንጠፍጥፋ ቀድታ አንኳኳች። በሩ ገርበብ አለ፤ እጅ ብቻ ወጣ።

«የመጨረሻው ነው» አለቻት ሊኔያ በስዊድንኛ።

እጁ ስኒውን ይዞ ገባ። ቆይቶ ድምፅ መጣ።

«ጥሪኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ታውቂዋለሽ። ልጅ ሳለሁ እንደምትጠራኝ።» ኢብቲሳም ትንፋሿን ሳበች። «እኔ ጆሮ ውስጥ የቀረው ‹ክ›ዋ ብቻ ነው።»

ሊኔያ ግንባሯን መቃኑ ላይ አስደገፈች። ፈራች። ከጉሮሮዋ የሚወጣው ድምፅ የማን እንደሚሆን አላወቀችም።

«ወይኒች ያማ?»

አልጋው ሲጢጥ አለ፣ ተወ። ከዚያ እጁ ገርበብ ባለው በር ተመልሶ ወጣ። ስኒው ባዶ ነው። ማንቆርቆሪያውም ባዶ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ስኒው አልተነቀነቀም። እንደተዘረጋ ቆየ።