ፉርሽካ የበላው ሥጋ ሻጭ

ውሸት ከሆነ ምላሴ ይድረቅ! ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው። ያላመነ ሄዶ ሥጋ ሻጩን ይጠይቅ፤ ብቻ ሲጠይቀው ከቢላው ራቅ ብሎ ይቁም።

ሰፈሩ «ሞረድ» ይለዋል። ደንበኛ ሲመጣ ቢላ ይስላል፣ ደንበኛ ሲጠፋ ቢላ ይስላል። ታላቅ ወንድሙ ልብስ ሰፊው የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኝቶበት ሆዱ ተከፍቶ ከታከመ ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ከመሳል ብዛት ቢላዎቹ ሳስተው በአንደኛው አሻግሮ ጋዜጣ ማንበብ ይቻል ነበር።

እንዲህ ያቅበጠበጠው የወንድሙ ሐኪም ቃል ነው። «እርስዎም ወንድሙ ነዎት፤ ዕድሜዎም ደርሷል። አንጀትዎ በካሜራ መታየት አለበት» ብላዋለች። ካሜራው በየት በኩል እንደሚገባ ከሰማ በኋላ ሞረድ ወንበር ላይ መቀመጥ እንኳ ይፈራ ጀመር።

«ዶክተር፣ ሌላ መላ የለም?»

«ምግብም ይረዳል። ቀይ ሥጋ ይቀንሱ፤ ቋሊማማ ጭራሽ ቢቀር ይሻላል። ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ከነገለባው የተፈጨ እህል ያብዙ። አሰር ያለው ምግብ በበሽታው የመያዝን ዕድል ይቀንሳል። ምርመራውን ግን...»

«ግን»ን የሰማው በሩ ብቻ ነው። ሞረድ ወጥቶ ሄዷል።

በቀጥታ የገባው የከብት መኖ መደብር ነው። ፉርሽካ አዘዘ።

«ለላም ነው ለበሬ?» አለው ሻጩ።

«ለበሬ። ሁለት እግር ላለው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ፉርሽካ፣ ቀትር ላይ ባቄላ፣ ማታ ምስር በፉርሽካ ሆነ። ሱቁ ውስጥ ሥጋ ከተሰቀለበት ሜንጦ ሥር ቆሞ ጥሬ ካሮት ሲቆረጥም ያዩ ደንበኞች፣ «አንተ፣ ራስህ የማትበላውን ሥጋ ለኛ?» እያሉ ይሸሹት ጀመር። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ። የሱቁ ድመት አንድ ቀን ከኋላው ድንገተኛ ፍንዳታ ሰምታ በመስኮት እንደወጣች ቀረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ካሜራውን ሸሽተህ ነው አይደል ከብት የሆንከው?» አለችው ሚስቱ።

«ምን እሸሻለሁ! መድኃኒቴን እየበላሁ ነው።»

«መድኃኒትህ እኔን ከቤት ሊያስወጣኝ ነው!»

በመጨረሻ ወንድሙ ሱቅ ድረስ መጣ። ከስቶ፣ በገዛ እጁ የሰፋው ኮት ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ፣ ይሄን ኮት አታጠብበውም?» አለ ሞረድ፣ ዓይኑን ሸሸት አድርጎ።

«ቀድሜ ተመርምሬ ቢሆን ኖሮ ልኬ ነበር። እኔም እንዳንተ ነገ ዛሬ ስል ነው። ስማኝ፣ የእናትህ ልጅ እየለመነህ ነው።»

ሞረድ ቢላውን አስቀምጦ ሐኪሟ ዘንድ ሄደ። ቀጠሮ ያዘ።

ነርሷ አስጠነቀቀችው፦ «ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት ጥራጥሬም ፉርሽካም አይነኩም። ነጭ ሩዝና ነጭ ዳቦ ብቻ። ከዚያ የአንጀት ማጠቢያውን መድኃኒት ጥርግ አድርገው ይጠጣሉ።»

ሞረድ በሆዱ ሳቀባት። ሐኪሟ ብላ ትላለች፣ ነርሷ ተው ትላለች፤ ከሁለቱ አለቃዋ ሐኪሟ አይደለች እንዴ? እንዲያውም ክፉ ነገር ካለ ጠርጎ ያውጣው ብሎ ፉርሽካውን እጥፍ አደረገ። መድኃኒቱንም ቀምሶ ስላንገፈገፈው ግማሹን ለመታጠቢያ ገንዳው አጠጣው።

ሐኪሟ ካሜራውን አስገብታ ብዙም ሳትቆይ አወጣችው።

«ምን አገኙብኝ?» አለ ከሰመመኑ ሲነቃ፣ ከንፈሩ ደርቆ።

«ፉርሽካ። ከፉርሽካው ኋላ ደግሞ ባቄላ ከነቅርፊቱ። የአንጀትዎ ግድግዳ ጨርሶ አይታይም። ለመሆኑ ቋሊማ ሲሠሩ አንጀቱን የሚሞሉት ሳያጥቡ ነው?»

ሞረድ የሚገባበት ጠፋው። ዕድሜ ልኩን የበግ አንጀት ገልብጦ በጨው ሲያሽ የኖረ፣ በቅጡ ያልታጠበ ካመጡለት ባልዲውን ከነውሃው ደጅ የሚወረውር ሰው፣ የራሱን እንዲያ ይዞ መጣ!

«ታዲያ ፉርሽካው ከንቱ ነው?»

«ማን አለ? ደግ ነው፤ ቀስ በቀስ ተለምዶ፣ ከብዙ ውሃ ጋር። ግን ምግብ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ዋስ አይሆንም። እየበሉ መመርመር ነው። ሌላ ቀን ይመለሱ።»

ያ ሌላ ቀን አልደርስ አለ። ሞረድ ከማቀዝቀዣው ክፍል እስከ በሩ ይንጎራደዳል፤ ጭን የጠየቀውን ሰው ጎድን ይሰጠዋል። ሆዱ በጮኸ ቁጥር ቀጥ ብሎ ያዳምጣል። አሁን ያስፈራው ካሜራው መሆኑ ቀርቶ፣ ካሜራው ሳያየው የቀረው ነገር ሆነ።

ቀኑ ሲቀርብ ነጭ ሩዙን ያለማጉረምረም በላ። መድኃኒቱን አፍንጫውን ይዞ እስከ ጠብታው ጨለጠ። ሚስቱ የመጸዳጃ ቤቱን በር ትጠብቃለች።

«አለህ ወይ?»

«የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ! ሌላው ሁሉ ወጥቷል!»

በዚህኛው ምርመራ ግድግዳው ጠርቶ ታየ። አንድ ጥግ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ትርፍ ሥጋ በቅላ ነበር። ሐኪሟ እዚያው ቆረጠቻት። «ብትቆይ ወደ ክፉ ልትለወጥ ትችል ነበር» አለች። በኋላ የመጣው የላቦራቶሪ ውጤትም ካንሰር እንዳልነካት አረጋገጠ።

ሞረድ እንደነቃ መቆረጧን ሲነግሩት ከአልጋው ቀና ብሎ፣ «ስንት ግራም ወጣት? ሚዛን አምጡ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ አወካ።

እሺ፣ ይቺን ሚዛን እኔ ነኝ የጨመርኳት። ሌላው ሁሉ እውነት ነው፤ ድመቷም ጭምር። ሞረድ ግን አልቀለደም። ወንድሙ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ሞረድ እጁን ያዘና እንባው ጆሮው ውስጥ እየፈሰሰ፣ «ጋሼ፣ ያንተንም እንዲህ ቀድመው ባዩልህ ኖሮ» አለው።

«ያንተን አዩልኝ አይደል?» አለ ልብስ ሰፊው። «ይበቃኛል።»