ጫካውን ጥረጉት

ሰባት ዓመት ሙሉ ሆዷ ውስጥ ይዛው የኖረችው ነገር አንድ ነው። አራት የአቮካዶ ችግኞቿን «አረም» ብለው ያጨዱባት ቀን እሷ ለእንግዶች ድንች እየላጠች ነበር። ዛሬም ለእንግዶች ድንች እየላጠች ነው።

ከማኅበሩ አዳራሽ ጀርባ ተቀምጣለች። ከግንቡ ማዶ የማጭድ ድምፅ በመጣ ቁጥር ቀና ትላለች። ከልጣጩ ጋር ግማሹን ድንች ትቆርጠዋለች።

«አንቺ እልኸኛ፣ ድንቹን እየላጥሽ ነው ወይስ እየጠረብሽው?» አለቻት ሽንኩርት የምትከትፈው ልብስ ሰፊ። ሴቶቹ ሳቁ።

«እየሰማሁ ነው።»

«ምኑን?»

«ማጭዱን። በሩ ጋ ጨርሰዋል። አሁን ፓፓያዎቹ ጋ ናቸው።»

ከፓፓያዎቹ ቀጥሎ የእሷ ጥግ ነው።

የማኅበሩ ጫካ ያለበት ቦታ ድሮ ሰፈሩ ቆሻሻ የሚደፋበት ገደል አፋፍ ነበር። አርባ አባወራ ሆነው ተከሉት። ከላይ ማንጎ፣ ከሥሩ ፓፓያና ሎሚ፣ መሬት ላይ የሚሳብ ስኳር ድንችና ዱባ፤ የራበው ገብቶ ይለቅማል። የረገፈ ቅጠል እዚያው ይቀራል፣ ለመሬቱ ብርድ ልብሱ ነውና። ይህን አባሉ ሁሉ በአዘቦት ቀን አሳምሮ ያውቀዋል። እንግዳ ይመጣል የተባለ ቀን ግን ጫካውን እንደ ሳሎን ያዩታል። ቅጠሉ ይጠረጋል፣ ግንዱ ኖራ ይቀባል፣ መሬት ለመሬት የሚሄደው ሁሉ ይታጨዳል። የዛሬዎቹ እንግዶች ደግሞ በሰፈራቸው እንዲህ ያለ ጫካ ሊተክሉ አስበው፣ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ነው የሚመጡት።

ጥረጉ ያለው ሊቀ መንበሩ ነው። ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ ለእሷ ደግሞ የባሏ ታላቅ ወንድም። ያኔ ስታኮርፍ እራት ላይ «ለአራት ቅጠል ብለሽ ቤተሰብ ታጣያለሽ?» ብሏት ነበር። ባሏ ሳህኑን አየ። እሷም ፍሬውን በጣሳ አብቅላ እንደገና ተከለች። የመጀመሪያዎቹን ፀሐይ በላቸው። እነዚህ አራቱ ግን በስኳር ድንቹ ሐረግ ጥላ ተሸሽገው ጉልበቷ ድረስ ደርሰዋል።

ቢላዋውን አስቀመጠች።

«የት ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ድስቱስ?»

«አማስዪው።»

ጥጓ ስትደርስ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ሐረጉን በግራ እጁ ጨብጦ ማጭዱን አንስቷል። ሊቀ መንበሩ ከኋላው በጃንጥላው ጫፍ ያመለክታል።

«ተው!»

«እትዬ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ከላይ ትንሽ፣ ከጎን ትንሽ…»

«የሰው ጭንቅላት መሰለህ?»

ቅጠል የሚሰበስቡት ወንዶች ሳቁ። ባሏም መሀላቸው ነበር፤ እሱ አልሳቀም።

«ወጥ ቤት ማን አለ?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ሰው አለ፣ ጋሼ።»

«እንግዶቹ ደርሰዋል እኮ! ይሄን ዱር አይተው ምን ይሉናል?»

«ዱሩን ሊያዩ አይደል የሚመጡት? የተጠረገ ግቢማ እነሱም አላቸው።» ተንበርክካ ሐረጉን ገለጥ አደረገች። «ይቺን ያውቋታል?»

ጎንበስ ብሎ አየ። መነጽሩን አስተካክሎ እንደገና አየ።

«አረም ናት።»

«አቮካዶ ናት። የዛሬ ሰባት ዓመትም አረም ናት ብለው አሳጭደውብኛል።»

«ያንን እስከ ዛሬ ይዘሽ ነው?»

«የት ላስቀምጠው?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው ፊት አይሆንም። ቤት እንነጋገራለን።»

«ቤትማ እርስዎ ይናገራሉ፣ ወንድምዎ ሳህኑን ያያል። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ጋሼ። አሁን ከታጨዱ እንደገና ተክዬ ፍሬያቸውን የምቀምስበት ዕድሜ ከየት አመጣለሁ?»

ፀጉር አስተካካዩ እሷን አየ፣ ሊቀ መንበሩን አየ፣ ከዚያ ማጭዱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ እንደሆንኩ ወገቤም አልቋል» አለ።

ባሏ የሰበሰበውን የቅጠል ክምር ትኩር ብሎ ያያል፤ ልክ ሳህኑን እንደሚያየው።

የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሊቀ መንበሩ ኮቱን ቆለፈ።

«በቃ፣ ይሄኛው ይቅር። በጸዳው በኩል ብቻ አዙረን እንሸኛቸዋለን። አንቺ ወደ ድስትሽ።»

ችግኞቿ ተርፈዋል። እግሯም ትእዛዝ ለምዷልና ዞሮ ወደ ወጥ ቤት ሁለት እርምጃ ሄደ። እንግዶቹ ግን ኖራ የተቀባ ግንድና ራቁቱን የቀረ አፈር አይተው ሊመለሱ ነው፤ ሰፈራቸው ገብተው የሚሠሩትም ይህንኑ ነው። እዚያም የአንዷን ችግኝ ነገ አንዱ ተነስቶ አረም ይለዋል።

እጇን በሽርጧ ጠረገችና ሊቀ መንበሩን በቀጭኗ መንገድ ቀደመችው። ጉልበቱን ስለሚያመው መሮጥ አይችልም።

«አንቺ! የት ነው?» አለ ከኋላዋ።

አልዞረችም።

በሩ ላይ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ሰዎች፣ የሚበዙት ሴቶች፣ ነጫጮቹን ግንዶች እንዳያቆሽሹ የፈሩ ይመስል ተጠጋግተው ቆመዋል። እንግዳ ተቀብላ አታውቅም።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች። «እሱን ተዉት፣ ኖራ ነው። በዚህ በኩል ኑ፤ ቀሚሳችሁን ሰብሰብ አድርጉ፣ ጭቃ አለው።»