ደጅ የቀረው እቅፍ

የፍሳሽ ማጣሪያው ሠራተኛ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቦት ጫማውን ደጅ ሳያወልቅ ቤቱ ገብቶ አያውቅም። ሕግ አውጪዋ ሚስቱ ናት፤ "ያንን ግማትህን እዚያው!" ካለች አለች ነው፣ ይግባኝ የለም። ዘንድሮ ግን ማጣሪያውና አጠገቡ ያለው የአበባ እርሻ ተስማሙና፣ ደርቆ የተመረመረው ዝቃጭ ለጽጌረዳ ማዳበሪያ ሆነ። እርሻውም ከመጀመሪያው ምርት አንድ እቅፍ አበባ ላከለት።

ሚስቱ በሩን ስትከፍት እቅፉ ከቦት ጫማው አጠገብ ተጋድሟል።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? አበባ ደጅ ይጣላል?"

"ከእኛው ዝቃጭ የበቀለ ስለሆነ… ሕግሽ እሱንም የሚጨምር መስሎኝ ነዋ!" አላት አንገቱን ደፍቶ።

አበባውን አሸተተችው። "ወይ የኔ ሞኝ!" አለችና በአንድ እጇ አበባውን፣ በሌላው ቦት ጫማውን አንጠልጥላ ገባች።