የባለእጆች ተራ

እታለም ደብተሯን ዘግታ ከክፍል ስትወጣ መምህር ናሁሰናይ ጠመኔውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። «ተመለሺ» ሊላት አፉን ከፈተ፤ ግን የሳቁ ትራፊ ገና ከፊቱ አልጠፋም ነበር።

ነገሩን ያመጣው መጽሐፍ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቹን አንድ የድሮ የፈረንጅ አስፈሪ ልቦለድ እያስነበባቸው ነበር፤ ቀን ቀን ከተማው የሚያከብረው ሰዓት ሠሪ፣ ሲመሽ በጓሮ በር ወጥቶ ተኩላ ይሆናል። ሰውየው በመስታወት ራሱን አይቶ የሚደነግጥበት ቦታ ሲደርሱ፣ «ተኩላው የምን ምልክት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሐብቴ ከኋላ ወንበር፣ «ቲቸር፣ እታለምን ይጠይቋት! አባቷ ባለእጅ አይደል? ማታ ማታ ጅብ የሚሆነው እሱ ነው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ናሁሰናይንም አመለጠው፤ ሳቀ።

እታለም ሦስት ቀን አልመጣችም። ፈተናው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ እሷን የሚያህል ተማሪ የለውም። እሱ እኮ በየዓመቱ «ቡዳ የሚባል ነገር የለም» እያለ የሚሰብክ ሰው ነው! ቅዳሜ ከአባቷ ጋር ቡሬ ገበያ ትውላለች ሲሉት በዕለቱ ነጠላውን ደረበ። ባለቤቱ ያምሮት ሥራ ገቢ ስለነበረች የዘጠኝ ወር ልጃቸውን አደይን አስታቀፈችው።

«ገበያ ነው እንግዲህ፤ ፊቷን ሸፍናት። ክፉ ዓይን አይጠፋም» አለችው።

«አንቺ ደግሞ!» ብሎ ተቆጥቶ ወጣ።

የባለእጆች ተራ ከእህል ተራው ጀርባ ነው። እታለም ወናፍ ትነፋለች፤ አባቷ አያ ይታገሱ የጋለ ማጭድ ይቀጠቅጣሉ።

«መምህር! ምን ልታዘዝ? ማረሻ ነው?» አሉ ብድግ ብለው።

«ይቀመጡ፣ አያ ይታገሱ። እታለምን ፈልጌ ነው።» ወደ ልጅቱ ዞረ። «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ያ ሐብቴ ባለጌ ነው፤ እኔም...»

«ሐብቴን ይተዉት ቲቸር፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ለምጄዋለሁ» አለች ወናፉን ሳታቆም። «ያሳመመኝ የእርስዎ ሳቅ ነው።»

«እኔ በዚህ ነገር አላምንም እኮ። ታውቂኛለሽ።»

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ዓይኗ ወደ ክንዱ ወረደ። «ታዲያ የልጅዎ ፊት ምን ሆነ?»

ጎንበስ ብሎ አየ። ነጠላው ሕፃኗን እስከ ግንባሯ ሸፍኗታል። እህል ተራው ድረስ ላለፈ ላገደመ ሁሉ ስትስቅ ነበር፤ መቼ እንደሸፈናት አያስታውስም። «ፀሐዩ...» ብሎ ጀመረ። ሰማዩ ደመና ነው። እፍረት ጆሮውን አጋለው።

ነጠላውን ገለጠ። «አያ ይታገሱ፣ እስቲ ይያዙልኝ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ይተዉ መምህር። ነገ ቢያተኩሳት ሰው ማንን ነው የሚለው?»

«ቢያተኩሳት ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ። ለጠየቀ ሁሉ፣ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ እላለሁ።»

እጃቸውን በጋቢያቸው ደጋግመው ጠርገው ተቀበሏት። አደይ ጢማቸውን ጨብጣ ጎተተች። አጠገባቸው ጨው የሚሸጡት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ።

«እዚህ መናገር ቀላል ነው» አለች እታለም። «እርስዎን በሚያውቅ ሰው ፊትስ?»

ወዲያው የናሁሰናይ ስልክ ጮኸ። ያምሮት ናት።

«የት ናችሁ? ልጄ ደህና ናት?»

«ገበያ ነን» ብሎ ሊዘጋ ነበር። እታለም ወናፉን አቁማ ታየዋለች።

«ባለእጆች ተራ ነን» አለ ጮክ ብሎ። «አደይን አያ ይታገሱ አቅፈዋታል።»

ያምሮት ጩኸቷን ለቀቀችው። ናሁሰናይ ስልኩን ከጆሮው ሳያርቅ፣ በሌላ እጁ ልቦለዱን ከኪሱ አውጥቶ ለእታለም ዘረጋላት። ጩኸቱ ለእሷም ይሰማታል። ጥላሸት የነካው እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ተቀበለችው።

«የመስታወቱን ክፍል ሰኞ የማነበው እኔ ነኝ» አለች።