ማቆሚያ ቁልፍ የሌላት አውሮፕላን

ክሌም አውሮፕላኗን የሚገዛ ሰው ማግኘቱን የነገራት ቁርስ ላይ ነበር። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ዳቦው ላይ ቅቤ እየቀባ፣ «የክሎንከሪው ሰውዬ በወሩ መጨረሻ መጥቶ ያያታል። ከወደዳት ያኔውኑ ይዟት ይሄዳል» አለ።

ሜሪዲ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «ታዲያ ሰሜን ያሉትን የውሃ ጉድጓዶች ማን ያያል?»

«በመኪና እናያቸዋለን።»

«በመኪና ደርሶ መልስ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጭቃው አያሳልፍም። አንድ ፓምፕ ቆሞ ሳናውቅ ብንውል ብናድር ከብቱ በጥም ያልቃል።»

«ይሄን ለኔ ነው የምትነግሪኝ?» ክሌም ቢላዋውን አስቀመጠ። ሐኪሙ «ይህ ልብ ለበረራ አይሆንም» ብሎ ፈቃዱን ካስቀረበት ወዲህ ድምፁ ሁሉ ቀዝቅዟል። «ምን ላድርግ? አውሮፕላን ከሌለ ይህ ቦታ አይያዝም። አንድ ዓመት እንሞክርና መሬቱንም ሸጠን ከተማ እንገባለን።»

ከተማ የሚለውን ቃል ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ሜሪዲ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ማጠራቀሚያ ገንዳው፣ የዶሮው ቤት፣ ልጇ ጃሲንታ በልጅነቷ ወድቃ ክንዷን የሰበረችበት ዛፍ፣ ከዛፉ ወዲያ ደግሞ ቆርቆሮው መጋዘን ውስጥ የቆመችው ነጭ ሴስና። ባሏ ሃያ ዓመት ያበረራት፣ እሷም ሃያ ዓመት ሙሉ ሰማይ ሰማይ እያየች የጠበቀቻት አውሮፕላን።

«አትሸጣትም» አለች። «እኔ አበራታለሁ።»

ክሌም ሳቁ አመለጠው። «አንቺ? ከኔ ጋር ስትሄጂ እኮ ዓይንሽን ጨፍነሽ ወንበር የምትጨብጪ ሰው ነሽ።»

«ዓይኔን መጨፈን ከተውኩ ቆየሁ።»

«በዚያ መጫወቻ ነው?»

ሜሪዲ ፊቷ ቀላ። የሚያውቅ አልመሰላትም ነበር። ጃሲንታ ለትምህርት ወደ ታውንስቪል ስትሄድ የበረራ ጨዋታ የተጫነበትን ኮምፒውተሯን ክፍሏ ውስጥ ትታው ነበር፤ ከጠረጴዛው ጋር የታሰረ የአውሮፕላን መሪም ነበረው። ሜሪዲ በመጀመሪያ እዚያ ክፍል ትቀመጥ የነበረው ልጇ ስለናፈቀቻት ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ነካካችው። ከዚያ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ክሌም አረፍ ሲል፣ በሩን ዘግታ መብረር ጀመረች።

የሚያውቋት ሁሉ ቢሰሙ አያምኑም። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ለልጇ የምትደውል፣ ምድጃው መጥፋቱን ደጋግማ ሳታይ የማትተኛ ሴት ናት። እዚያ ወንበር ላይ ግን ፍርሃት የሚባል ነገር አልነበራትም። በማዕበል ውስጥ ኬርንስ አውሮፕላን ማረፊያ አርፋለች። ጫፉ ገደል በሆነ የፓፑዋ ተራራ ላይ አርፋለች። ነገሩ ከተበላሸ የማቆሚያዋን ቁልፍ መንካት ነው፤ ሁሉም ነገር ባለበት ይቆማል። አውሮፕላኑ አየር ላይ እንደ ሥዕል ተሰቅሎ ይጠብቃታል። ሻይዋን ትጠጣለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ መልሳ ትነካዋለች።

«እሺ» አለ ክሌም በመጨረሻ። «ኖሪን ያስተምሩሽ። ሰውዬው ከመምጣቱ በፊት ኖሪን ወርደው ብቻሽን ከለቀቁሽ፣ አልሸጣትም። ካልለቀቁሽ ግን ነገሩ አበቃ፤ ዳግም እንዳናነሳው።»

ኖሪን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። በዚያ አካባቢ ካሉት የከብት እርባታ ሰዎች ግማሹን መብረር ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ክሌምንም ጭምር። በራሳቸው ትንሽ አውሮፕላን መጥተው አርፈው፣ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ ሜሪዲን ከእግር እስከ ራስ አዩዋት።

«በኮምፒውተር ተምሬያለሁ አልሽ?»

«አዎ።»

«በርቺ። እኔም በቴሌቪዥን ምግብ መሥራት ተምሬያለሁ።»

ሆኖም የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ኖሪንን አስደነቃቸው። ሜሪዲ ዘይቱን አየች፤ ነዳጁ ውስጥ ውሃ ያለ እንደሆነ በብርጭቆ ቀድታ በፀሐይ አየችው፤ ክንፉን ዳበሰች፤ ሞተሩን በሥርዓቱ አስነሳች። በራዲዮ የሚባለውን ሁሉ አንዲት ቃል ሳትስት ተናገረች። ኖሪን በጎን እያዩዋት፣ «ይህን ይህን ከሆነ የሚያስተምረው እኔም አንድ እገዛለሁ» አሉ።

ከዚያ ተነሱ። ቀትር ላይ ነበር፤ መሬቱ ግሏል። ሦስት መቶ ሜትር ያህል ከፍ እንዳሉ ሞቃቱ አየር አውሮፕላኗን ከታች ጎሸማት። ወንበሩ ከሜሪዲ ሥር ሸሸ። ያ መጫወቻ ይህን አልነገራትም። ስክሪን ላይ ምስሉ ይናወጣል እንጂ ወንበሩ አይጥልም። መሪውን ጨምድዳ ያዘችና ዓይኗን ከፊቷ ባሉት መለኪያዎች፣ ጌጆቹ ላይ ተከለች። መርፌው ወደ ላይ ሲል ትገፋለች፤ ወደ ታች ሲል ትስባለች፤ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ትዘገያለች። አውሮፕላኗ እንደ ሰከረ ሰው ሄደች።

«ምን እያየሽ ነው?» አሉ ኖሪን።

«ከፍታዬን!»

«አገሩ ሁሉ መስኮቱ ላይ ተዘርግቶልሽ አንቺ ሰዓት ታያለሽ? እግሮችሽስ? እረፍት ወጥተዋል?»

እውነታቸውን ነው። ጃሲንታ የአውሮፕላኑን ጭራ በእግር የሚመሩበትን ፔዳል አልገዛችም ነበር። የሜሪዲ እግሮች ከጠረጴዛ ሥር ተጣጥፈው መቀመጥ ነው የለመዱት። በዚህ መሃል ሌላ ጉሸማ መጣና አንዱ ክንፍ ወደቀ። ቀኝ እጇ የጋዙን መስጫ ለቀቀና ጭኗን መዳበስ ጀመረ።

ኖሪን መሪውን ያዙ፤ አውሮፕላኗ ረጋች። «ያ እጅሽ ምን ፈልጎ ነው?»

ሜሪዲ ቤት ስትሆን የቁልፍ ሰሌዳውን ጭኗ ላይ እንደምታስቀምጥ ያኔ ትዝ አላት። ውሸት አላስፈለጋትም። «ማቆሚያውን» አለች።

«የምን ማቆሚያ?»

«ጨዋታው ላይ... ሲከብደኝ አቆመዋለሁ።»

ኖሪን ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሲጨርሱ ግን ፊታቸው ላይ ሳቅ አልነበረም። «ስሚኝ ልጄ። እዚህ የሚያቆምሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም መሬት ነው። ያ እጅ ዳግመኛ ጋዙን ከለቀቀ ብቻሽን አልሰድሽም። የክሌም አውሮፕላንም ብትሸጥ አላዝንም።»

ሲያርፉ ክሌም መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ነበር። «እንዴት ነበር የተራራው ጀግና?»

«ዝም በልና ባልዲ አምጣ» አለች ሜሪዲ። ባልዲው ደረሰላት፤ ግን በጭንቅ።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ለልጇ ደወለች። ጃሲንታ ሁሉንም ሰምታ፣ «እማዬ፣ ተይው በቃ። ምን አስጨነቀሽ? ጨዋታ ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም» አለቻት።

«ተይው አትበይኝ። ይልቅ የቁልፍ ሰሌዳሽን ባበላሸው ትቆጫለሽ?»

«ምን ልታደርጊው ነው?»

ሜሪዲ ስልኩን ዘጋች። የወጥ ቤት ቢላዋ አምጥታ የማቆሚያውን ቁልፍ ከሥሩ ፈንቅላ አወጣችውና ከተበጣጠሱ ገመዶችና ከቆዩ ባትሪዎች ጋር መሳቢያ ውስጥ ጣለችው። ስክሪኑ ላይ ጌጆቹ ያሉበትን ክፍል በወረቀት ሸፈነች። የቡና ቆርቆሮ ሁለት አንስታ ከእግሯ ሥር አደረገች። ቆርቆሮዎቹ አውሮፕላኑን አያዞሩም፤ ግን በታጠፈች ቁጥር እግሯ እንዲረግጥ ያስታውሷታል። ከዚያ ወዲያ ስትሳሳት የተሳሳተችውን እስከ መጨረሻው ትቀምሰዋለች። ብዙ ጊዜ ተከሰከሰች። ማረፊያውን አበላሽታ በመጣች ቁጥር ግን፣ ጋዙን እስከ ጥጉ ገፍታ፣ አፍንጫውን ቀና አድርጋ፣ ዞራ እንደ አዲስ መምጣትን ለመደች።

ኖሪን ከዚያ በኋላ የሚመጡት ፀሐይ ስትወጣ፣ አየሩ ሳይግል ሆነ። የሜሪዲን የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ወስደው ጌጆቹ ላይ አንጠለጠሉት። «አሁን ስንት ላይ ነሽ?»

«እንዴት አውቃለሁ?»

«አድማሱ የት ጋ ነው? ሞተሩ ምን ይላል? መቀመጫሽ ምን ይላል? መቀመጫሽ ከዓይንሽ ቀድሞ ያውቃል፤ እሱን ስሚው።»

ሜሪዲ ሰማችው። አውሮፕላኗ ስትወርድ የነፋሱ ድምፅ እንደሚጎላ፣ ፍጥነቷ ሲሞት መሪው እንደሚልፈሰፈስ፣ እግሯ ካልረገጠ ሰውነቷ ወደ በሩ እንደሚንሸራተት ቀስ በቀስ ገባት። አንድ ጠዋት አርፈው ወደ መጋዘኑ ሲነዱ ኖሪን ጨርቁን እያጣጠፉ፣ «ያ መጫወቻሽ ክፉ አይደለም» አሉ። «ሌላውን በቃል ለማስያዝ ወር የሚፈጅብኝን ይዘሽ መጥተሻል። ያላስተማረሽ ፍርሃትን ነው።»

«እኔ? እኔ እኮ የማልፈራው የለኝም!»

«መሬት ላይ። እዚያ ወንበርሽ ላይ ግን ትደፍሪያለሽ፤ ምክንያቱም አትሞቺም። እዚህ እንደ ቤትሽ ፍሪ። ምድጃውን ደጋግሞ የሚያይ ሰው ነዳጁንም ደጋግሞ ያያል። እኔ የምሰጋው ለማይፈራው ነው።»

ሜሪዲ በዚህ ቃል ብዙ ቀን ኖረች። ዕድሜዋን ሙሉ «አትጨነቂ» ያላት እንጂ ጭንቀቷን ለሥራ የፈለገላት ሰው አልነበረም።

ገዢው የሚመጣበት ቀን ደረሰ። ጠዋት ክሌም እንደ ልማዱ መኪናውን እያንጓጓ የመንደርደሪያውን ሜዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነዳና ካንጋሮውንም ከብቱንም አባረረ። ይህ ሳይደረግ በዚያ አገር ማንም አይነሳም፣ ማንም አያርፍም። ሜሪዲና ኖሪን ሦስት ጊዜ ዞሩ። በሦስተኛው፣ ሩቅ መንገድ ላይ የመኪና አቧራ ሲነሳ አዩ። ሰውዬው ነው።

አረፉ። ኖሪን ሞተሩ ሳይጠፋ በራቸውን ከፈቱና ወረዱ። የወንበራቸውን ቀበቶ እንዳይወዛወዝ አሰሩት። «አንድ ዙር» አሉ። «ብቻሽን።» የእጅ ራዲዮአቸውን ይዘው፣ ወደ ኋላ ሳያዩ ወደ ጥላው ሄዱ።

ሜሪዲ ባዶውን ወንበር አየችው። ነዳጁን አየች። ደግማ አየች። ከዚያ ጋዙን ገፋች።

አውሮፕላኗ የኖሪን ክብደት ቀርቶላት ከወትሮው ቀድማ መሬቱን ለቀቀች። ከታች ቤቷ፣ ገመድ ላይ ያሰጣችው አንሶላ፣ ዶሮዎቹ። እጇ ደርቋል፤ ግን ይሠራል። ዞረች፣ በራዲዮ ተናገረች፣ እንደገና ዞረች፤ መንደርደሪያው ከፊቷ ቀጥ ብሎ መጣ። ፍጥነቷ ጥሩ ነው። ሁሉም ነገር ጥሩ ነው።

ያኔ ሜዳው መሃል ቡናማ ነገር ተንቀሳቀሰ። ላም ናት። ከኋላዋ ጥጃዋ፣ ከጥጃዋ ኋላ ሌሎች። ክሌም እንግዳውን ሊቀበል ሲጣደፍ፣ ዓይኑ ሰማይ ላይ ሆኖ፣ የአጥሩን በር ክፍት ትቶት ነበር። በር ክፍት የተወን ሠራተኛ በዚያው ቀን ያሰናበተ ሰው!

ራዲዮው ዝም አለ። ኖሪን በእጃቸው ይዘውታል፤ አልተናገሩም።

የሜሪዲ ቀኝ እጅ ጋዙን ለቀቀና ጭኗ ላይ ወረደ። የሱሪዋን ጨርቅ ነካ። ከጨርቁ ሌላ ምንም አልነበረም። ላሟ ቀና ብላ አየቻት።

«የለም» አለች ሜሪዲ ጮክ ብላ። «የለም እኮ!»

እጇ ተመለሰ። ጋዙን እስከ ጥጉ ገፋችው፤ አፍንጫውን ቀና አደረገች፤ ቀኝ እግሯ ማንም ሳያዘው ረገጠ። ቆርቆሮ አልነበረም ከሥሩ፤ አውሮፕላኗ ቀጥ ብላ ወጣች። ከብቶቹ ከጎማዋ በታች ተበታተኑ። «መንደርደሪያው ላይ ከብት አለ፤ ዞሬ እመለሳለሁ» ስትል የገዛ ድምፅዋን ሰማች። በዚያ ክፍል ውስጥ ለማንም ሳይሆን ስትለው የኖረችው ነበር፤ ድምፅዋም እንደዚያው የረጋ ነው።

ከላይ ስታይ ኖሪን በክሌም መኪና ጥሩምባ እየነፉ ከብቶቹን ይነዳሉ። ክሌም ደግሞ ባርኔጣውን እያውለበለበ በእግሩ ይሮጣል።

«አትሩጥ!» ብላ ጮኸች ብቻዋን። «ልብህን! አትሩጥ አንተ ሽማግሌ!»

ራዲዮው ተንኮሻኮሸ። «ይሰማናል ልጄ» አሉ ኖሪን። «ጣትሽ ከራዲዮው ቁልፍ ላይ አልተነሳም ነበር። ሜዳው ነጻ ነው፤ ሲመችሽ።»

ሲመቻት መጣች። አንዴ ነጠረች፤ አፍንጫውን ያዘችው፤ ሁለተኛው ላይ መሬቱ ተቀበላት።

መጋዘኑ ጋ ስትደርስ ገዢው የፀሐይ መነፅሩን አውልቆ ክንፉን እያየ ነበር። «ቆንጆ ናት። በደንብ ተይዛለች። መቼ ልውሰዳት?»

ክሌም ላቡን እየጠረገ፣ ሚስቱ ከአውሮፕላኗ ስትወርድ ያያታል። ዛሬ ባልዲ አልጠየቀችም።

«በሩን ማን ነው ክፍት የተወው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ። ሂድና ዝጋው። ቀስ ብለህ።»

ክሌም ጥቂት እርምጃ ሄደና ዞረ። «ወንድሜ» አለው ሰውዬውን፣ «በከንቱ አደከምኩህ። አትሸጥም፤ አብራሪ አላት። ግባና ምሳ ብላ።»

ሜሪዲ የነዳጁን ብርጭቆ አንስታ ወደ ክንፉ ሄደች። ኖሪን አጠገቧ መጥተው ቆሙ።

«ደግሞ ነገ ተነስተሽ ወደ ሰሜን እንዳትሄጂ» አሉ። «አንድ ዙር ዞርሽ እንጂ አብራሪ አልሆንሽም። ገና ብዙ ይቀርሻል።»

«አውቃለሁ» አለች ሜሪዲ፤ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሳችው። ውሃ የለውም። ደግማ አየችው። «ነገ በስንት ሰዓት ይመጣሉ?»