ቢጫ አበባ ያለው

አብዮቱ በፈነዳ በአሥረኛው ዓመት ላማችንን ቅማል ወረሳት። ባሌን ገብረየስን፣ «ድግጣ ቁረጥልኝ፤ ቀጥቅጬ አጥባታለሁ» አልኩት። አዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ ሱቅ ውስጥ ያደግሁ ሴት ነኝ፤ ድግጣን በስም እንጂ በመልክ አላውቀውም። «ምን ይመስላል?» ቢለኝ፣ «ቢጫ አበባ አለው» ብዬ ሸኘሁት።

ከሐይቁ ዳር አንድ እቅፍ ሙሉ ይዞ መጣ። ግማሹን ቀጥቅጬ ላሚቱን አጠብኳት፤ የተረፈውን አጥሩ ሥር ጣልኩት። ልብስ አስጥቼ ስመለስ ላሚቱ እሱን ጨርሳ ታመነዥካለች።

ክው አልኩ። ድግጣ መርዝ መሆኑን ማን አያውቅም? ዓሣ እንኳ ያንሳፍፋል ይባላል። የዱቄት ወተት ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ከጠፋ ሁለተኛ ወሩ ነው። ጡቴ ደርቋል፤ የስምንት ወር ልጄ ወንጌላዊት የምትጠጣው የዚህችኑ ላም ወተት ነው።

«ምን ዓይነት ሰው ነህ!» ብዬ ገብረየስ ላይ ጮህኩበት። «ቅጠል አምጣ ቢሉህ መዘዝ ይዘህ ትመጣለህ?»

እሱ ሄዶ የላሚቱን አንገት አቅፎ ቀረ። እኔ አንዲት የተረፈች ቅርንጫፍ ይዤ ወደ ጎረቤታችን እማማ ገበያነሽ ሮጥኩ፤ ቡሹሎ ገጠር ተወልደው ዕድሜያቸውን ከከብት ጋር ያሳለፉ ሴት ናቸው።

እማማ አበባውን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም፤ ፍሬውን ፈለጉ። እንደ ክር የቀጠነ፣ ረጅም ፍሬ ስበው አሳዩኝ።

«ድግጣ ነው ያለሽ ማነው?»

«አበባው ቢጫ ስለሆነ ነው፣ እማማ።»

«የድግጣ ፍሬ አጭር ነው፤ ጠፍጣፋና ስስ። ቅጠሉም ከዚህ ይሰፋል። ይሄ የግብርና ሰዎቹ ሰስባንያ የሚሉት ነው። መኖ እኮ ነው፣ ልጄ!»

እዚያው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እፎይ! እማማ፣ «ቅማሉ ግን እንዳለ ነው» ሲሉኝ ደግሞ ሳቄ መጣ።

መንገድ ላይ ነገሩ ገባኝ። ቢጫ አበባ ብዬ የላክሁት እኔ፣ አጥሩ ሥር የጣልኩትም እኔ። እውነተኛውን ድግጣ አምጥቶልኝ ቢሆን ኖሮ ላሚቱን የምገድላት እኔ ነበርኩ። ገብረየስ ይህን እያወቀ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አፈርኩ።

ስደርስ አሁንም አንገቷን እንዳቀፈ ነው፤ ቅማሉ ሸሚዙ ላይ ወጥቷል።

«መኖ ነው፤ ምንም አትሆንም» አልኩት።

ትንፋሹን ለቀቀ። «ታዲያ ትክክለኛውን ልሂድና ላምጣ?»

«ተቀመጥ» አልኩት። «መጀመሪያ ሸሚዝህን አውልቅና ልጠብልህ።»